የአቢሲኒያ ጉድጓድና የእንግሊዝ ገጠር የውሃ ሒሳብ

እንግሊዞች «የአቢሲኒያ ጉድጓድ» የሚሉት ነገር አለ። አዎ፣ የእኛዋ አቢሲኒያ። ጫፉ የሾለ፣ ከሹሉ ከፍ ብሎ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የብረት ቱቦ ነው። በከባድ መዶሻ እየተመታ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ውሃ ሲያገኝ ከላይ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ይገጠምለታል። አለቀ። መቆፈር የለ፣ ድንጋይ መካብ የለ። ፈጠራው የአሜሪካኖች ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲመጣ ሠራዊቱ ስለተጠቀመበት ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጦሩ በ1868 ሲመለስ ስሙም አብሮ ተመለሰ። ቱቦው በዚሁ ስም በእንግሊዝ ገጠር ለየእርሻውና ለየጎጆው ይሸጥ ጀመር።

መጀመሪያ የሳበኝ ስሙ ነበር። ቆይቶ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ያኔ እንግሊዝ ከዓለም ሀብታሞች ቁንጮ ነበረች፤ ባቡሩን ዘርግታለች፣ ቴሌግራሙን በባህር ሥር አሳልፋለች። ታዲያ የገጠር ሰው በየጓሮው ቱቦ የሚቀጠቅጠው ለምንድን ነው? የመንደሩ ምክር ቤት የት ሄዶ?

ለመቅደላ ዘመቻ እንግሊዝ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥታለች። ዘመቻው ሽር ጉድ በሚባልበት በ1867 መገባደጃ፣ ከለንደን ብዙም በማይርቀው በኤሴክስ፣ ተርሊንግ የምትባል መንደር ውስጥ ታይፎይድ ገባ። ነዋሪዋ 900 ገደማ ነው። ሲሶ የሚጠጋው ሕዝብ ታመመ፣ በየቤቱ ሐዘን ተቀመጠ። ከመንግሥት የተላከው ሐኪም ሪቻርድ ቶርን ቶርን ያገኘው ነገር የሚያስደንቅ አልነበረም፤ የመጠጥ ጉድጓዶቹ ጥልቀት የላቸውም፣ አጠገባቸው ደግሞ ሽንት ቤትና የፍግ ክምር አለ።

የገጠር ችግር ሳይታይ የቆየበት አንዱ ምክንያት ከተማው የባሰ መሆኑ ነው። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ባወጣው ታዋቂ ሪፖርት፣ በሊቨርፑል የሠራተኛ ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 15 ዓመት፣ ገጠር በሆነው በራትላንድ ደግሞ 38 መሆኑን አሳየ። (15 ሲባል ሰው ሁሉ በ15 ዓመቱ ይሞታል ማለት አይደለም። በጨቅላነታቸው የሚሞቱት ሕፃናት አማካዩን ቁልቁል ይጎትቱታል።) ይህን ያነበበ የፓርላማ አባል ገጠሩን እንደ ጤና መንደር ቢያየው አይፈረድበትም። ስለዚህ በ1848 የወጣው የመጀመሪያው የሕዝብ ጤና ሕግ ትኩረቱ ከተሞች ላይ ሆነ።

ዕውቀት አልነበረም እንዳንል ደግሞ፣ ነበረ። ዊልያም በድ የተባለ ሐኪም በ1839 በትውልድ ቀዬው በኖርዝ ቶተን ከ80 በላይ የታይፎይድ በሽተኞችን አክሟል። ማን ከማን ቤት እንደሄደ፣ በሽታው ማንን ተከትሎ ወደየት መንደር እንደተሻገረ አንድ በአንድ ተከታትሎ በሽታው ከበሽተኛው ዓይነ ምድር እንደሚተላለፍ ተናገረ። ተህዋሲው በአጉሊ መነጽር የታየው ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጆን ስኖውም በ1854 የለንደንን ኮሌራ ከአንድ የውሃ ፓምፕ ጋር አያይዞት ነበር። ገጠሩን የሚመለከተው ሕግ ግን እስከ 1872 ጠበቀ። ያ ሕግ አገሩን በሙሉ በጤና ወረዳ ከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ወረዳም የጤና ሐኪምና «የአዋኪ ነገሮች ተቆጣጣሪ» የሚባል ሠራተኛ እንዲቀጥር ግዴታ ጣለ። የ1875ቱ ትልቁ ሕግ ደግሞ የፍሳሽ መስመር መዘርጋትን፣ ውሃ ማቅረብንና የተበከለ ጉድጓድ ማዘጋትን በዝርዝር አስቀመጠ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ሙያ የሚመጣው። በገጠር ሥልጣኑ የተሰጠው ለማን ነው? አዲስ ምክር ቤት አልተቋቋመም። «የድሆች ጠባቂዎች ቦርድ» ለሚባለው አካል ተሰጠ። ይህ ቦርድ ከ1834 ጀምሮ ለችግረኛ የሚሰጠውን እርዳታ የሚቆጣጠር ነው። ዋና ችሎታው ወጪ መቀነስ ነበር። አባላቱ አብዛኞቹ መሬት ተከራይተው የሚያርሱ ደህና ገበሬዎች ናቸው፤ የአካባቢው ዳኞች የሆኑ ባለመሬቶችም ያለ ምርጫ ይቀመጡበታል። ምርጫውስ? ድምፅ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በንብረት ነው። አነስተኛ ቤት የያዘ አንድ ድምፅ አለው፤ ትልቅ ንብረት ያለው እስከ 6፤ ባለቤትም ነዋሪም ከሆነ እስከ 12። ለመመረጥ ደግሞ የንብረት መመዘኛ አለ። ልጁ በታይፎይድ የሞተበት የእርሻ ሠራተኛ ቦርዱ ውስጥ መግባት የሚችልበት በር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «የሕዝብ መገልገያ» ስንማር ችግሩ ሁሉም በነፃ መጠቀም መፈለጉ ነው ተብለናል። የእንግሊዝ ገጠር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፦ ወሳኙ ሰውዬ መጠቀሙን ራሱ አይፈልገውም። የራሱ ጥሩ ጉድጓድ አለው።

የክፍያው ሕግ ደግሞ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። የፍሳሽና የውሃ ሥራ ወጪ «ልዩ ወጪ» ተብሎ የሚጫነው በወረዳው ሁሉ ላይ ሳይሆን ሥራው በተሠራለት አጥቢያ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ለዚህ ወጪ ሲባል የእርሻና የግጦሽ መሬት ግብር የሚታሰበው በሩብ ዋጋው ነው። እስቲ ከራሴ በፈጠርኩት ምሳሌ እናስላው። አንድ አጥቢያ 1,000 ፓውንድ በ4 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት የሚከፈል ብድር ወስዶ ውሃ አስገባ እንበል፤ በዓመት 58 ፓውንድ ገደማ ይከፍላል። የአጥቢያው ግብር የሚታሰብበት ንብረት 1,500 ፓውንድ ነው፤ 1,200ው መሬት፣ 300ው ቤት። ሁሉም እኩል ቢከፍል በአንድ ፓውንድ ላይ 9 ፔኒ ገደማ ይደርሳል። መሬቱ በሩብ ሲታሰብ ግን 1,500ው ወደ 600 ይወርዳል፤ ክፍያውም 23 ፔኒ ይሆናል። በ4 ፓውንድ የተገመተች ጎጆ በዓመት 3 ሽልንግ ገደማ መክፈል ሲገባት 7 ሽልንግ ተኩል አለፈች ማለት ነው። ያ ደግሞ የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ግማሽ ገደማ ነው። በቀጥታ ባይከፍለው እንኳ በኪራዩ በኩል ይመጣበታል። እንግዲህ ውሃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ራሱ «ይቅርብን» ቢል ምን ይገርማል?

በነገራችን ላይ፣ በ1850ዎቹ የበርሚንግሃምን ከተማ ምክር ቤት ይዞ «ገንዘብ አይወጣም» ይል የነበረው ቡድን ምን ተብሎ ይጠራ ነበር መሰላችሁ? «ኢኮኖሚስቶቹ»! ዲግሪዬ ላይ ያለው ስም እንዲህ ሲነሳ ማየት ደስ አይልም። የመምረጥ መብት ሲሰፋ ነገሩ ወዲያው ይስተካከላል ብሎ ለሚያስብም አንድ ነገር ልጨምር። ኤይት፣ ዶንተንና ዱታ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝና የዌልስ ከተሞችን አይተው ያገኙት፣ ድምፅ ወደ አነስተኛ ግብር ከፋዮች ሲወርድ ወጪው መጀመሪያ እንደሚቀንስ፣ መብቱ ይበልጥ ሲሰፋ ግን መልሶ እንደሚጨምር ነው። ሱቅ ያለው ሰው ግብሩ ይሰማዋል።

በ1878 ለገጠር ውሃ ብቻ የተለየ ሕግ ወጣ። ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉ በተመጣጣኝ ርቀት ንጹህ ውሃ እንዲኖረው ማረጋገጥ የቦርዱ ግዴታ ሆነ፤ አዲስ ቤትም ውሃ እንዳለው ካልተመሰከረለት ሰው አይገባበትም ተባለ። የቤቱን ባለቤት ውሃ እንዲያስገባ ማስገደድም ይቻላል። ግን እስከ ስንት ወጪ? ሕጉ የሰጠው መልስ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጨዋታ ነው፦ ዓመታዊ ወለዱ በ5 በመቶ ሲታሰብ በሳምንት 2 ፔኒ የሚሆን ካፒታል፤ ሲፈቀድ ደግሞ እስከ 3 ፔኒ። 2 ፔኒውን በ52 ሳምንት አባዝታችሁ ለ5 በመቶ ብታካፍሉት 8 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይመጣል። የአንድ ቤተሰብ ንጹህ ውሃ ዋጋ ይኸው።

ተራራማና ኖራማ በሆነ ቦታ ይህ ገንዘብ የትም አያደርስም። በኦክስፎርድሺር ያለችውን ስቶክ ሮው ውሰዱ። ውሃዋ ያለው በጣም ጥልቅ ቦታ ነው። የዚያ አካባቢ ሰው የሆነ የእንግሊዝ ሹም ሕንድ ውስጥ ሳለ፣ ቤት የቀረችውን የመጨረሻ ውሃ በመጠጣቱ እናቱ ስለገረፈችው አንድ ልጅ ለቤናሬስ ማሃራጃ አጫወተው ይባላል። ማሃራጃው አዘነና ገንዘብ ሰጠ። በ1864 ተመርቆ የተከፈተው ጉድጓድ 368 ጫማ ይጠልቃል፤ በሰው እጅ ነው የተቆፈረው። ቅኝ የተገዛው ሕንዳዊ ለገዢዎቹ መንደር ውሃ አስቆፈረ! ጉድጓዱ በወርቃማ ጉልላቱ ሥር ዛሬም ቆሟል።

ቦርዱ ከልቡ ሲነሳ ሥራው ውስብስብ አልነበረም። ከመንደሩ ከፍ ብሎ ምንጭ ይፈለጋል፤ ይከበባል፣ ይከደናል፤ ማጠራቀሚያ ይሠራል፤ ከዚያ በብረት ቧንቧ ቁልቁል ይለቀቃል። ውሃው መንገድ ዳር ቦኖ ላይ ይደርሳል፣ ሴቶችና ልጆች በባልዲ ይቀዳሉ። ብድሩ ከለንደን ይፈቀዳል፤ ለዚያም ተቆጣጣሪ መሐንዲስ መንደር ድረስ መጥቶ በይፋ ተቃዋሚውንም ደጋፊውንም ይሰማል። ከሁለቱ ከባዱ ፍሳሹ ነበር። የሸክላ ቧንቧው ዕድሜ ለፋብሪካ ርካሽ ሆኗል፤ ግን መጨረሻው የት ነው? ወደ ጅረት ከተለቀቀ የታችኛው መንደር ይጠጣዋል። ለዚህ ነው ከፎርዲንግተኑ ቄስ ከሄንሪ ሙል ብልሃት ጋር ፍቅር የያዘኝ። በ1854 አጥቢያቸው በኮሌራ የተመታባቸው እኚህ ቄስ፣ ውሃም መስመርም የማይፈልግ፣ እጀታው ሲሳብ ደረቅ አፈር የሚያለብስ መጸዳጃ ሠርተው በ1860 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶችና ጎጆዎች ተጠቅመውበታል።

ለውጡ የመጣው በ1894 ነው። ያኔ የገጠር ወረዳና የአጥቢያ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ባለብዙ ድምፅነት ቀረ፣ የንብረት መመዘኛ ተነሳ፣ ሴቶችም እንዲመርጡና እንዲመረጡ ተፈቀደ። የእርሻ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀመጠ። የአጥቢያ ምክር ቤቱ የመንደሩን ጉድጓድና ምንጭ መጠቀም ይችላል፤ ያለ ሕዝቡ ስብሰባ ፈቃድ ግን በፓውንድ ከ3 ፔኒ በላይ መሰብሰብ አይችልም። ትልቁ የቧንቧ ሥራ የወረዳው ሆኖ ቀረ። አዲሱ ነገር፣ ወረዳው ከለገመ መንደሩ ወደ አውራጃው ምክር ቤት አቤት የሚልበት ሕጋዊ መንገድ ማግኘቱ ነው።

የ«ልዩ ወጪ» ሸክም ግን በየአጥቢያው ትከሻ ላይ ቆየ። ፓርላማው ለእንግሊዝና ለዌልስ ገጠር ውሃና ፍሳሽ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ድጎማ በሕግ የመደበው በ1944 ነው፤ ከ1878ቱ ሕግ 66 ዓመት በኋላ። እስከዚያው በየጓሮው የቆመው የእጅ ፓምፕ ሥራ አልፈታም።