አክሲዮኑ በማን ስም፣ ድምፁ በማን እጅ?

ከእንጦጦ ቁልቁል ሲታይ መሀል ከተማ ላይ ጎልተው ከሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ የባንክ ናቸው። ከንግድ ባንክ በቀር የአብዛኞቹ ባለቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ ቢያንስ መዝገቡ እንዲያ ይላል።

መዝገቡ ግን ስም እንጂ ባለቤት አያሳይም። እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከፌዴራል መንግሥት በቀር ማንም ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክል ነበር። አብረው የሚቆጠሩት የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነበሩ። 18 የሞላው ልጅስ? አማቹስ? ሾፌሩስ? የገደቡ አንቀጽ አይጠራቸውም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከባንክና ከኢንሹራንስ አክሲዮናቸው እንዲወጡ አዘዘ፤ የተመለሰላቸው አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ በሩ ዳግም ተከፈተላቸው። በመካከሉ ድርሻውን በእህቱ ስም ያዞረ ቢኖር፣ እህቲቱ የካደች ዕለት ምን ይዞ ችሎት ይቆማል?

የተበደረ ስም ከሁሉ የሚከፋው ርካሽ አክሲዮን ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስትራተን ኦክሞንት የተባለው የደላላ ድርጅት አክሲዮን በወዳጆች ስም ያከማች፣ በስልክ ዋጋውን ያስወድድ፣ ከዚያ ለየዋህ ገዢ ያራግፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕዝብ የቀረበው የስቲቭ ማደን ጫማ ኩባንያ አክሲዮን አንዱ ነው፤ የኩባንያው መሥራችም ኋላ ታስሯል።

የእኛ የአክሲዮን ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክን ቀዳሚ አድርጎ ተከፍቷል። ሻጭና ገዢ ጥቂት በሆነበት ገበያ ዋጋን ለመግፋት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ አንድ ሰው ከ33 እስከ 3,333 አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር፣ መግዛት ይችል ነበር። ጣሪያ ባለበት ሁሉ የሰው ስም መዋስ ያጓጓል።

ሽሮ ሜዳ ጥበብ ሸጦ ባጠራቀመው ብር አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው የትርፍ ድርሻውን መቶኛ ብቻ አይጠይቅ። እኔ ቀድሜ የማየው ውክልናውን ነው። በጠቅላላ ጉባኤ የቦርድ ምርጫ ሲደርስ የብዙ ሰው ውክልና ታቅፎ የሚገባው ማን ነው? ያ ሰው ለማን ይሠራል? ቀጥሎ የኦዲት ሪፖርቱን የኋላ ገጾች ይግለጥ፤ ከቦርድ አባላትና ከተዛማጅ ወገኖች ጋር የተደረገ ብድር፣ ኪራይና ግዢ የሚጻፈው እዚያ ነው።