ግንበኛው የሚጠራው አፍራሽ

አጥንት እድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲገነባ ይኖራል፤ በአዋቂ ሰው አንድ አስረኛ ያህሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ስለ ገንቢው ህዋስ፣ ስለ ኦስቲኦብላስት፣ ብዙ ተብሏል። እኔ የምወደው አፍራሹን፣ ኦስቲኦክላስትን ነው። ስሙን ያወጣለት ስዊዘርላንዳዊው አልበርት ፎን ኮሊከር ነው፤ በ1873 እ.ኤ.አ.።

መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ፣ በማይክሮስኮፕ ነው። ራሱ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሟል፤ በጎኑ ያሉት ህዋሳት ከእሱ አጠገብ ጥቃቅን ናቸው። ኒውክለሶቹን ብቆጥር ስምንት ሆኑ። የነጭ ደም ህዋስ ዘመዶች ተዋህደው ስለሚሠሩት ነው። አጥንቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይለጠፍና ከሥሩ አሲድ ያፈሳል፤ ማዕድኑ ይሟሟል፤ የቀረውን ኮላጅን ኢንዛይሙ ይቆራርጠዋል። አፍራሹ ባይኖር አጥንት የሚጠነክር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ኦስቲኦፔትሮሲስ በሚባለው የዘር በሽታ አፍራሹ ሥራ ይፈታል፤ አጥንቱ ይደድራል፣ ግን ቶሎ ይሰበራል።

ቫይታሚን ዲም ካልሲየም ተሸክሞ አጥንት ላይ የሚለጥፍ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ጉበትና ኩላሊት ካልሲትሪኦል ወደሚባለው መልክ ከለወጡት በኋላ ዋና ሥራው አንጀት ላይ ነው። ያለ እሱ ከምንበላው ካልሲየም ወደ ደም የሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከምግብ የሚገኘው ሲያጥር ግን ያው ካልሲትሪኦል ወደ አጥንት ይዞራል። የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ አፍራሹን ራሱን አያዝዘውም። ትእዛዙ የሚደርሰው ለግንበኛው ወገን ነው። እነዚያ ራንክል የተባለውን ፕሮቲን ያወጣሉ፤ ያልበሰሉት አፍራሾች እሱን ሲያገኙ ተዋህደው ሥራ ይጀምራሉ። ልብና ነርቭ ካልሲየም ካጡ ስለማይሠሩ፣ ደም ከአጥንት ይበደራል።

እንግዲህ ሳትመረመሩ ከፍተኛ መጠን ያለውን የቫይታሚን ዲ እንክብል ለወራት የምትውጡ፣ እባካችሁ ተዉ። ከልክ ሲያልፍ አፍራሾቹ ይበዛሉ፣ የደም ካልሲየም ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ጎረቤቴ አራስ ሳለች ልጇን በተዘጋ መስኮት ሥር ፀሐይ ታሞቀው ነበር። ሙቀቱ ይገባል፤ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። እናቶች፣ ልጁን ደጅ አውጡት።