እንሰቱ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

በሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ አዲስ ቤት ሠርቶ አጥሩን ያጠረ ቤተሰብ ግቢውን ማስዋብ ሲያስብ በቅድሚያ ዓይኑ የሚያርፈው ጥጉ ላይ ባለው እንሰት ላይ ነው። «ይህማ የገጠር ነው» ብለው ነቅለው፣ በውጭ አገር መጽሔት ያዩትን ሣርና አበባ የሚተክሉ አሉ። እኛም በዚህ እትም ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ልንል ወደድን።

ያ በመጽሔት የምናየው ሥዕል መነሻው በአብዛኛው የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901 እ.ኤ.አ.) ነው። እኛ የምናውቃት በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ድረስ በላከችው ጦር ነው። በአገሯ ግን ዘመኑ የአትክልት ፍቅር የነገሠበት ነበር። የሣር ማጨጃ መኪና በ1830 እ.ኤ.አ. ተፈልስፎ ስለነበር፣ የተስተካከለ ሣር ከመኳንንት ግቢ ወደ መካከለኛው ቤተሰብ ደጅ ወረደ። አበባም እንደ ምንጣፍ በቅርጽ ተደርድሮ ይተከል ጀመር። የምንጣፉ ዋና ጌጥ የነበረው ጄራንየም የደቡብ አፍሪካ ተክል በመሆኑ የእንግሊዝን ብርድ አይችልም። ስለዚህ ክረምቱን በመስተዋት ቤት ያሳልፍ ነበር፤ ወጪውም ድካሙም እዚያ ላይ ነው። በሐዋሳ አየር ግን ዓመቱን ሙሉ ደጅ ያድራል።

ከሁሉ የሚደንቀው የእንሰት ታሪክ ነው። በ1853 እ.ኤ.አ. በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን የእንሰት ዘር ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ። እንሰት እዚያ በቅሎ፣ ትልቅ ቅጠል ለሚወዱት የዘመኑ አትክልተኞች የመናፈሻ ጌጥ ሆነ። እነሱ ከባሕር ማዶ ያስመጡትን እኛ ነቅለን የእነሱን ሣር ልንተክል ነው ማለት ነው! እንሰቱ ከግቢው ጀርባ ይቆይ፤ ቆጮም ቡላም ጥላም ነው።

ከዚያ ዘመን መውሰድ የሌለብንም አለ። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ በየኩሬው እንዲተከል በመወሰዱ ነው፤ በጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል። የወፍ ቆሎም እንዲሁ የአጥር ጌጥ ተብሎ መጥቶ የግጦሽ መሬት ወራሪ ሆኗል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው በመሆኑ፣ ከግቢ የሚያመልጥ አረም ለሐይቁ ዳርቻ ዕዳ ነው። ኦሊያንደር የተባለው ሮዝ አበባ ያለው ቁጥቋጦም መርዛማ ነውና ሕፃናት ያሉበት ቤት ባይተክለው ይመረጣል።

ታዲያ ምን እንውሰድ? ቅርጹን። ከበሩ እስከ ቤቱ ቀጥ ያለ የጠጠር መንገድ፣ በግራና በቀኝ እኩል መደብ፣ ጠርዙ ላይ የጡብ ክፈፍ፤ ሌላ ብዙ አያስፈልግም። የምንጣፉን መደብ በቆስጣ፣ በሰላጣና በጎመን ብንሞላው አረንጓዴና ቀይ ቅጠሉ ከአበባ አያንስም፤ ድስትም ይገባል። ጠርዙ ላይ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና ለሻይ የሚሆን ናና ይተከል። ጽጌረዳው በመስኮቱ ሥር ይሁን። በአጥሩ ላይ የሚወጣ ቡጋንቪላ ደግሞ ግቢውን ከመንገደኛ ዓይን ስለሚከልል እናቶችና እኅቶች ከዐስር በኋላ ተዝናንተው ይቀመጡበታል።

ሣሩን በተመለከተ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ያህል ይበቃል፤ በበጋ ውኃ ይፈጃልና። የውዱእ ውኃ ሳሙና ስለሌለበት፣ ከመታጠቢያው ሥር ትንሽ ቦይ ቀድዶ ወደ ናናው መደብ መምራት ይቻላል። በቀን አምስት ጊዜ ለሚሰግድ ቤተሰብ አንድ መደብ በዚሁ ውኃ ብቻ በጋውን ይዘልቃል።