ጅራታሙ ኮከብ መቼ ይመለሳል?

ጅራታም ኮከብ ሲወጣ ሰው ይደነግጣል። ንጉሥ ሊሞት ነው፣ ጦር ሊነሣ ነው፣ ረሃብ ሊገባ ነው ይባላል። እንዲህ የሚባለው በአንድ አገር ብቻ አይደለም። በ1066 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ ጅራታም ኮከብ ታየ። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት ንጉሥ ሃሮልድ በጦርነት ሞተ። የኖርማንዲው ዊልያም አሸንፎ ዘውዱን ጫነ። ታዲያ ኮከቡ ለሃሮልድ ክፉ ምልክት ከሆነ፣ ለዊልያም ምን ሊባል ነው?

ያ ኮከብ ዛሬ ስም አለው። የሃሊ ኮከብ ይባላል። ኤድመንድ ሃሊ እንግሊዛዊ የሰማይ ተመራማሪ ነበር። በ1682 ዓ.ም. ጅራታሙን ኮከብ በዓይኑ አየ። ከዚያም የቀድሞ ሰዎች የጻፉትን አገላበጠ። በ1531 አንድ ታይቷል። በ1607 ደግሞ ሌላ ታይቷል። የሄዱበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜም 75 ወይም 76 ዓመት ያህል ነው። ሃሊ አሰበና፣ እነዚህ ሦስት ኮከቦች አይደሉም፤ አንዱ ነው የሚመላለሰው አለ። በ1705 ይህንን በጽሑፍ አወጣ። በ1758 ዓ.ም. ገደማ እንደሚመለስም ተናገረ። እሱ ግን በ1742 ሞተ። ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ 102 ዓመት ይሆነው ነበር።

ቀጠሮው ሲቃረብ በፓሪስ ሦስት ሰዎች ስሌት ጀመሩ። ክሌሮ፣ ላላንድ እና ወይዘሮ ሌፖት ይባላሉ። ጁፒተርና ሳተርን ትልልቅ ፕላኔቶች ናቸው። ኮከቡን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡት መንገድ ላይ ያዘገዩታል። ሦስቱ ሰዎች ወራት ሙሉ ሲደምሩና ሲቀንሱ ቆይተው፣ 618 ቀን ይዘገያል አሉ። ለፀሐይ በጣም የሚቀርበው በ1759 ኤፕሪል አጋማሽ ነው፣ ብንስት አንድ ወር ነው አሉ። የቀረበው ማርች 13 ቀን ነው። ያለ መኪና ስሌት፣ በብዕርና በወረቀት!

ኮከቡን አስቀድሞ ያየው ማን ይመስላችኋል? ገበሬ ነው። ዮሐን ፓሊች ይባላል። በጀርመን አገር፣ በድሬስደን ከተማ አጠገብ፣ ፕሮሊስ በምትባል መንደር ያርስ ነበር። የሰማይን ትምህርት ያወቀው በራሱ አንብቦ ነው። በ1758 የገና ዕለት ማታ፣ ዲሴምበር 25 ቀን፣ አርቆ በሚያሳይ መነጽሩ ሰማዩን ሲፈልግ አገኘው። የፓሪሱ ሊቅ ሜስዬ ትክክል ያልሆነ ካርታ ይዞ ሲደክም ከርሞ ጃንዋሪ 21 ቀን አየው። ገበሬው በ27 ቀን ቀደመው። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? እውነተኛ ኮከብ እንኳ አይደለም። የበረዶና የአቧራ ጓል ነው። ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ፀሐይን የሚዞረው በጣም በተለጠጠ መንገድ ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን ሩቅ፣ በብርድና በጨለማ ያሳልፋል። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እየተነነ ይወጣል፣ አቧራውም ይቦንናል። ጅራት የምንለው ይኸው ነው። ይህ ጅራት እንደ ከብት ጅራት ሁልጊዜ ከኋላ አይከተልም። ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃንና ነፋስ ይገፋዋል። ስለዚህ ኮከቡ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ይቀድማል።

በ1910 መሬት በጅራቱ በኩል ታልፋለች ተባለ። ጅራቱ ውስጥ መርዛም ጋዝ ስለተገኘ ብዙ ሰው ፈራ። በአሜሪካ አገር አታላዮች የኮከብ መድኃኒት ነው እያሉ ክኒን ሸጡ። ጋዙ ግን እጅግ የሳሳ ነበር፤ ማንንም አልጎዳም። በ1986 ጆቶ የተባለች የአውሮጳ መንኮራኩር ወደ ኮከቡ እስከ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ ፎቶ አነሣችው። ጓሉ እንደ ከሰል ጥቁር ሆኖ ተገኘ።

አሁን ኮከቡ ሩቅ ነው። በዲሴምበር 2023 ከሁሉም ሩቅ ከሆነው ቦታ ደርሶ ፊቱን ወደ ፀሐይ መልሷል። ለፀሐይ የሚቀርበው በ2061 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2053 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ። ዛሬ ጥጃ የሚጠብቁ ልጆቻችሁ ያዩታል።

እስከዚያው አቧራውን ማየት ይቻላል። በየዓመቱ መሬት ኮከቡ ጥሎት በሄደው አቧራ ውስጥ ታልፋለች። አቧራው አየራችን ውስጥ ሲገባ ይነድና ተወርዋሪ ኮከብ ይሆናል። በእኛ ጥቅምት 11 ቀን አካባቢ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ጨረቃ ከሌለች ውጡና ቀና ብላችሁ ተመልከቱ።