የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ሥራውን መሥራቱ በምን ይታወቃል?
(በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳር ላሉ ቤቶች)

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው የመጠጥ ውኃውን ከአንድ ስፍራ ብቻ አይቀዳም። በከተማው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውኃ አለ፤ ቧንቧው ሲቋረጥ ሮቶና ጀሪካን ይተኩታል። ከከተማው ወጣ ሲሉ የእጅ ጉድጓድ፥ ምንጭና ወንዝ ይገኛል። ከሐይቁ ዳር ካሉት ሰዎችም ሐይቁን ራሱን የሚጠጡ አሉ። ውኃው እንዲህ የተለያየ ስለ ሆነ በቤቱ ማጣሪያ ያቆመ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስለ ማጣሪያው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ኧረ ጥርት አድርጎ ያወርዳል» የሚል ነው። መጥራት ግን የማጣሪያው ሥራ ግማሹ እንኳ አይደለም። ማጣሪያ የሚመዘነው በገባው ውኃና በወጣው ውኃ መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ይህንም ዓይን ሊያየው አይችልም።

በመጀመሪያ ስለ ድፍርስነቱ እንናገር። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነፋስ በነካው ቍጥር ደለሉ ይነሣል። በክረምት ደግሞ ግልገል አባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ የደጋውን አፈር ጠርገው ይገቡበታል። ባላገሩ እንዲህ ያለውን ውኃ በእንስራ አሳድሮ፥ አተላውን ከታች ትቶ ከላይ ይቀዳል፤ መልካም ልማድ ነው። ጭቃው በራሱ መርዝ ባይሆንም ጀርሞች ይሸሸጉበታል፤ የሚጨመረውንም ክሎሪን ይፈጀዋል። ስለዚህም ውኃ በክሎሪን ከመታከሙ በፊት ድፍርስነቱ ከ1 መለኪያ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ይህ ባይቻል ከ5 እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ጠርቶ የተቀዳው ውኃስ? ባክቴሪያ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ወይም ሁለት ሺኛ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ብዙ ሺህ ቢኖሩ ውኃው እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህን ነገር ዓለም የተማረው በብዙ ሕይወት ነው። በ1892 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር የሐምቡርግ ከተማ የኤልበን ወንዝ ሳያጣራ ሲጠጣ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ፈጀ። ከአጠገቡ ያለው አልቶና የሐምቡርግ ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ያንኑ ወንዝ በአሸዋ አጣርቶ ስለ ጠጣ ብዙ ጉዳት ሳያገኘው ቀረ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው የብርድ ወራት ከአልቶና ማጣሪያዎች አንዱ በውርጭ ተበላሸና በሽታው በአልቶናም ታየ። የተጣራው ውኃ ባክቴሪያ ይቈጠር ስለ ነበረ የማጣሪያው ጉድለት ሊደረስበት ቻለ። ሮበርት ኮኽም ከማጣሪያ የሚወጣ ውኃ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ባክቴሪያ በላይ እንዳይኖረው የሚል ወሰን አቀረበ። እንግዲህ ማጣሪያ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የሚሠራ መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

ዛሬ የሚቈጠረው ባክቴሪያ ሁሉ ሳይሆን ኢ. ኮላይ የተባለው ነው። ይህ ባክቴሪያ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ በውኃ ውስጥ ሲገኝ ዓይነ ምድር እንደ ነካው ያስረዳል። ለመጠጥ የሚሆን ውኃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ሊኖረው አይገባም። በላቦራቶሪ ውኃውን በስስ ወረቀት መሰል ማጥለያ አሳልፈው፥ ማጥለያውን በምግብ ላይ አድርገው፥ በ44 ዲግሪ ሙቀት አንድ ቀን ያህል ካሳደሩ በኋላ የበቀሉትን ነጠብጣቦች ይቈጥራሉ። ላቦራቶሪ በሌለበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ይኸውም በ1982 (እ.ኤ.አ.) በሕንድ አገር ሊቃውንት የተገለጸው ነው። መድኃኒት የተነከረ ወረቀት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ውኃው ተጨምሮ ሙቀት ባለበት ስፍራ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቀመጣል፤ ከጠቈረ ውኃው ያጠራጥራል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ዘዴ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ እንጂ «ስንት» አይልም፤ ስለዚህም ማጣሪያን ለመመዘን አይበቃም።

ማጣሪያን ለመመዘን በአንድ ቀን ሦስት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ወደ ማጣሪያው ከሚገባው፥ ሁለተኛው ከማጣሪያው ቧንቧ፥ ሦስተኛው ቤተ ሰቡ ከሚጠጣበት ዕቃ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ አስመርምሮ «ዜሮ» የሚል ወረቀት ይዞ ደስ ብሎት ይመለሳል። የገባው ውኃ ቀድሞም ንጹሕ ከነበረ ግን ዜሮው ስለ ማጣሪያው ምንም አይናገርም። ለምሳሌ 1,000 ገብቶ 10 ቢወጣ ማጣሪያው በመቶ 99 ያህሉን አስቀርቷል። 10 ገብቶ ዜሮ ቢወጣ ግን «በመቶ መቶ» ማለት አይቻልም፤ ሊባል የሚችለው ቢያንስ 90 ያህሉን አስቀርቷል ነው። 100,000 ገብቶ 1,000 ቢወጣ ደግሞ እዚያም 99 ነው፤ ውኃው ግን አይጠጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ማጣሪያ ባወጣው ደረጃ ባክቴሪያን በመቶ 99 ማስቀረት ዝቅተኛው ነው፤ ለከፍተኛው ደረጃ 99.99 ይጠይቃል። እንግዲህ ሻጭ «99 በመቶ» ብሎ በካርቶኑ ላይ ሲጽፍ ትልቅ ነገር የተናገረ ሊመስል ይችላል፤ እንደ ውኃው ነው።

ሦስተኛው ናሙና ለምን? በ2016 (እ.ኤ.አ.) የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በአገሪቱ ባደረገው ጥናት ውኃ ከሚቀዳበትና በቤት ከሚጠጣበት ተወስዶ በኢ. ኮላይ ሲመረመር፥ በቤት ያለው ይበልጥ ተበክሎ ተገኝቷል። ጣሳ የያዘ እጅ በእንስራው ሲገባ፥ የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ ሲቀመጥ ማጣሪያው የሠራው ሁሉ ይፈርሳል። ሁለተኛው ናሙና ንጹሕ ሆኖ ሦስተኛው ከቈሸሸ አዲስ ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው ቧንቧ ያለው፥ አፉ የተከደነ ዕቃ ነው።

ናሙናው የሚወሰደው በተቀቀለ ጠርሙስ ሲሆን ውኃው ክሎሪን ካለው ላቦራቶሪው ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት ያለበትን ጠርሙስ ይሰጣል። አለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ እየገደለ ውጤቱን ያሳምረዋል።

ላቦራቶሪ ሳይሄዱ በቤት የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። የሸክላ ማጣሪያ ቀዳዳዎቹ ደቃቅ ስለ ሆኑ ባክቴሪያንና ከዚያ የሚተልቀውን የጃርዲያ እንቍላል መሰል ቅርፊት ያስቀራል፤ ቫይረስ ግን እጅግ ስለሚያንስ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ማጣሪያ በሰዓት የሚያወርደውን ውኃ በሊትር ለክቶ መጻፍ ይጠቅማል። ቀስ በቀስ ከቀነሰ ደለል ደፍኖታል፤ በለስላሳ ብሩሽ ያለ ሳሙና ይታጠብ። በድንገት ከፈጠነ ግን ባለቤቱ ደስ አይበለው፤ ሸክላው ተሰንጥቋል ወይም ጎማው ላልቷል። ሸክላውን ውኃ ካጠገቡ በኋላ በውኃ ውስጥ አጥልቀው በአንገቱ ቀስ ብለው ቢነፉበት፥ ከአንድ ስፍራ ብቻ አረፋ ከወጣ ስንጥቁ እዚያ ነው። ክረምት ሲገባ፥ ውኃው በሚደፈርስበት ወራት፥ ይህ ሁሉ ቢደገም መልካም ነው፤ በበጋ የተፈተነ ማጣሪያ ለሐምሌ ምስክር አይሆንምና።

የከሰል ማጣሪያ ግን ለብቻው መነገር አለበት። ከሰል ሽታንና መጥፎ ጣዕምን ያስወግዳል፤ ከዚያ ጋር ክሎሪኑንም ይወስዳል። የከተማው ቧንቧ ውኃ ወደ ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ቢቀርበት በዕቃ ውስጥ ለጊዜው ራሱን ይጠብቃል፤ ይህም ውኃውን ሐምራዊ በሚያደርገው መድኃኒት በደቂቃ ይታወቃል። ያንን ውኃ በከሰል አሳልፎ በባልዲ የሚያስቀምጥ ሰው ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት ተወ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ክሎሪኑ በትክክል ለሚደርሰው ቤት እንዲህ ያለው ማጣሪያ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ማፍላትስ? በባሕር ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለ፥ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሙቀቱ ማነሱ ግን አያሳስብም፤ ተንተክትኮ የፈላ ውኃ ጀርሞቹን ይገድላል። በሐይቁ ላይ አረንጓዴ ቅባት መስሎ የሚንሳፈፈው ማይክሮሲስቲስ ሲታይ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ ፍጥረት የሚያወጣው መርዝ ማይክሮሲስቲን ጉበትን ይጐዳል፤ በመፍላትም አይጠፋም፤ እንዲያውም ሕዋሳቱ ሲፈነዱ መርዙ በውኃው ውስጥ ይሰራጫል። የሸክላ ማጣሪያም ሕዋሳቱን እንጂ የሟሟውን መርዝ አይዝም። አረንጓዴው ቅባት ነፋስ ወዳመጣው ዳር በሚከማችበት ቀን ከዚያ መቅዳት አይገባም፤ ከሌላ ስፍራ፥ ከተቻለም ከጉድጓድ መቅዳት ይሻላል።