ምጣዱ ይቅደም ወይስ መኪናው?

ከደሴ ተነስቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። መንገዱን ሲቀጥል ደግሞ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ውጫሌን ያገኛል። በዚህ መስመር ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ለሕክምና ወደ ደሴ የምትሄደው ነፍሰ ጡር ሁሉ የሚመላለሰው በመኪና ነው። ስለዚህ መኪናው በነዳጅ ይሂድ ወይስ በኤሌክትሪክ የሚለው ጉዳይ የወንዶች ወሬ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም፤ የቤት ወጪና የቤት መብራት ጥያቄ ነውና።

እንደሚታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ ፈጣን የባትሪ መሙያ ጣቢያ ከፈተ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 4 ቀን 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ ወጥቶ እንደ ሐይቅ ባለች ትንሽ ከተማ መኪናው ዘንድ በምን ይደርሳል?

የመጀመሪያው መንገድ የቤት ሶኬት ነው። አንድ መካከለኛ አውቶሞቢል ከሐይቅ ደሴ ደርሶ ለመመለስ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ይህም የአንድ ቤተሰብ የሁለት ጊዜ እንጀራ ጋገራ ከሚፈጀው ኃይል ብዙም አይርቅም። በተራ ሶኬት ይህን ለመሙላት አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ወደ ደሴ ዳገቱ ባትሪውን ቶሎ ቢያጎድለውም፣ በመመለሻው ቁልቁለት መኪናው ፍሬን ሲይዝ ጥቂቱን መልሶ ይሞላዋል።

እዚህ ላይ እናቶች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ምጣዱም መኪናውም በአንድ መስመር ላይ አብረው ከተሰኩ ሽቦው ይግላል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ከዚያም አልፎ ቤት ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ጋገራው በቀን ይሁን፤ መኪናው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሰካ። የሚሰካውም በቀጭን ኤክስቴንሽን ሳይሆን፣ ባለሙያ ከቆጣሪው ለብቻው በዘረጋውና የመሬት ሽቦ ባለው መስመር ነው። ሕፃናት ገመዱን መጫወቻ እንዳያደርጉትም መጠንቀቅ ያሻል።

ይሁን እንጂ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ተከራይስ? አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የአንዱ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ አድሮ ወር ሲደርስ ክፍያው እኩል ቢካፈል ጠብ መነሣቱ አይቀርም። በልጆቿ ጉሮሮ ላይ ቆጥባ የመብራት የምትከፍል እናት የጎረቤት መኪና የምታበላበት ምክንያት የለም። መፍትሔው አነስተኛ መቁጠሪያ ለብቻው ማስገባት ነው፤ ዋጋው ከጎረቤት ፍቅር አይበልጥም።

የሕዝብ መሙያ ጣቢያ የሚያስፈልገውም ለእነዚህ ተከራዮችና ከሩቅ ለሚመጣው መንገደኛ ነው። ፈጣኑ መሙያ አብዛኛውን ባትሪ በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞላል። ተሳፋሪ ወርዶ ምሳ በሚበላበት ሆቴል ወይም በመናኸሪያ አጠገብ ቢቆም መኪናው ሲሞላ እንግዳው ይመገባል፤ አሣ ጠብሳ፣ ቡና አፍልታ የምታድረውም ገበያ ታገኛለች። ሆኖም ከቻይና የሚመጡት መኪኖች መሰኪያ ከአውሮፓውያኑ ስለሚለይ፣ ባለመኪናው ጉዞ ሳይጀምር ጣቢያው ለመኪናው የሚስማማ መሆኑን ይጠይቅ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢው ያለ መብራት የሰነበተበትን ጊዜ የወሎ እናት አትረሳውም። እንግዲህ ምጥ የያዛት ሴት የምትጫንበት መኪና ባዶ ባትሪ ይዞ እንዳያድር፣ መብራት ባለ ጊዜ ግማሽ ሳይደርስ መሙላት ልማድ ይሁን። እንስራ ውኃ የሚቀዳው ከመጉደሉ በፊት ነውና።