ከመርሳ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በሞተር

ሐይቅ እስጢፋኖስ በደቡብ ወሎ ዞን፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ወደ ሎጎ ሐይቅ ገባ ባለ ልሳነ ምድር ላይ የሚገኝ የወንዶች ገዳም ነው። ከሀብሩ ወረዳዋ ከመርሳ ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለብቻው የሚጓዝ ሞተረኛ በማለዳ ተነሥቶ፣ ገዳሙን ተሳልሞ ሳይመሽ ሊመለስ ይችላል። በሀብሩና በወልድያ አካባቢ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ላሊበላ ነው፤ ይሁንና ላሊበላ በወልድያ፣ በድልብና በጋሸና ዞሮ የሚደረስበት፣ ከመርሳ ለሚነሣ ሰው አዳር የሚጠይቅ ጉዞ ነው።

መንገዱ አዲስ አበባን በደሴና በወልድያ አድርጎ ከመቀሌ የሚያገናኘው ዋናው አስፋልት ነው። ከመርሳ ወጥቶ በውርጌሳ ያልፍና ወደ ውጫሌ ከፍ እያለ ይሄዳል። በአካባቢው በብዛት የሚታዩት ህንድ ሠራሾቹ ቦክሰርና ቲቪኤስ ይህን ዳገት ያለ ችግር ይወጡታል። በወሎ ለገዳምም ለገበያም ያገለግላሉ። በመንገዱ ላይ ከዳገቱ ይልቅ የሚያሰጋው ድንገት የሚያቋርጥ ከብትና ጠባቡን አስፋልት የሚጋፋ የጭነት መኪና ነው። በቁልቁለት ፍሬን ብቻ ተማምኖ ከመውረድ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ጉልበት መያዝ ይሻላል። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ የሚገኘው በከተሞቹ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ጎማውንና ነዳጁን መርሳ ላይ አይቶ መነሣት አለበት። በጸጥታ ምክንያት የሞተር እንቅስቃሴ የሚታገድበት ጊዜም ስላለ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውጫሌ ዐረፍ የሚባልባት ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክና የጣሊያን መንግሥት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል ስሙን ያገኘው ከዚህች ስፍራ ነው። በ17ኛው አንቀጹ የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂ ልዩነት የተነሣው ጠብ አድዋ ላይ እንደደረሰ የታወቀ ነው። ከውጫሌ በኋላ መንገዱ ወደ ሐይቅ ከተማ ይወስዳል፤ ገዳሙ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው። ጥልቀቱ 88 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። በአንከርካ ወንዝ በኩል ከአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይገባለታል፤ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ግን የለውም። ስለዚህም ከፍ ዝቅ የሚለው በዝናቡና በትነቱ መጠን ነው። ገዳሙ የቆመበት ቦታ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። ዛሬ ሞተረኛው ደጃፉ ድረስ የሚነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የገዳሙ ትውፊት የቤተ ክርስቲያኑን መተከል ወደ 9ኛው መቶ ዘመን፣ ወደ ንጉሥ ድልናዖድ ጊዜ ይወስደዋል። በታሪክ ጎልቶ የሚታየው ግን ከ1248 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ በደብረ ዳሞ የመነኮሱት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ዓመት ገደማ መጥተው ገዳሙን አደራጁ። ትልቁ ሥራቸው ትምህርት ቤቱ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ደብረ ዳሞ ከማለፋቸው በፊት እዚህ ለዓመታት ተምረዋል፤ የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስ የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም የኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ናቸው። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከቤተ መንግሥቱ ባለሟሎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ክብር ትውፊቱ ኢየሱስ ሞዐ ይኩኖ አምላክ በ1270 (እ.ኤ.አ.) ሲነግሥ ካደረጉለት እርዳታ ጋር ያያይዘዋል። ተመሳሳይ ታሪክ ስለ ተክለ ሃይማኖትም ይነገራል፤ የሐይቁ ግን በዕድሜ የሚቀድም ይመስላል።

በ1530ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቁ ዳር ሲደርስ ውሃው ለጊዜው ጋሻ ሆኖ ነበር። ወታደሮቹ ታንኳ አበጅተው ሲቀርቡ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረከቡ። ከዘመናት በፊት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ግን ዛሬም አለ፦ በ1280/81 (እ.ኤ.አ.) የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል። የተጻፉበት ዓመት ከሚታወቅ ቀደምት የግእዝ ብራና መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ በውስጡ የገዳሙ ስጦታዎች ተመዝግበዋል። ከዚህ የተነሣ ለታሪክ ተመራማሪ ከሃይማኖት መጽሐፍነቱ ባሻገር የሰነድ ዋጋ አለው።

አሁን የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ከገዳሙ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር አዲስ ነው። የላሊበላን ዓይነት ውቅር ዐለት ጠብቆ የሚመጣ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ሐይቅ የሚጎበኘው ለድንጋዩ ሳይሆን ለብራናው፣ ለቅርሱና ሳይቋረጥ ለኖረው የምንኩስና ሥርዓት ነው። ቅርሱን ለማየት የመነኮሳቱን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ ጫማ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይወልቃል። ሴቶች ወደ እስጢፋኖስ አይገቡም፤ የሴቶቹ ገዳም መርገበታ ጊዮርጊስ በአቅራቢያው ይገኛል።

ጸጥ ያለ ጉብኝት ለሚፈልግ ከበዓላቱ ውጭ ያሉት ቀናት ይመረጣሉ። የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ኅዳር 26፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ደግሞ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 ይከበራል፤ በእነዚህ ቀናት የሚመጣ ሞተረኛ ሞተሩን ሐይቅ ከተማ አቁሞ ከሕዝቡ ጋር በእግሩ ቢገባ ይሻለዋል።